የውሃ አባት ማሳ መጨረሻ ይጠጣል

ፓምፑን በሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭኖ ነበር የመጣው። ከሽንዲ በታች ካለ ቀበሌ ቡሬ ድረስ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ በጠፍር አስሮ። በታላቅ ወንድሜ ዕድሜ የሚሆን የሽንኩርት ገበሬ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፓምፑን የምጠግንለት እኔ ነኝ። መሬት ላይ አስቀምጦት ላቡን ጠረገና፣ ሞተሩ እንደሚነሣ፣ ውሃ ግን እንደማይስብ፣ እንዲህ ከሆነም ሦስት ቀን እንዳለፈው ነገረኝ።

የመምጠጫ ቱቦውን መጋጠሚያ ፈታሁት። ውስጡ ያለችው ጎሚኒ በፀሐይ ደርቃ ተሰንጥቃለች። በስንጥቁ አየር ይገባል፤ አየር ከገባ ፓምፕ ውሃ አይስብም። አዲስ ጎሚኒ አስገባሁ፣ ግራሶ ቀባኋት፣ የፓምፑን ሆድ ውሃ ሞላሁና በርሜሉ ውስጥ ሞከርነው። ወዲያው ሳበ። ጥገናው ጠፍሩን ከመፍታት ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው።

ጎሚኒዋን ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪም ቆርጦ ማውጣት ይቻል ነበር። ይህን በሥዕል አስደግፌ ጽፌዋለሁ። «ሞተሩ ይነሣል፤ ውሃ ግን አይስብም» የሚለው ገጽ ከድረ ገጼ ገጾች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። አድራሻውንም ባለፈው ዓመት በስልኩ ልኬለታለሁ። ይህን ስለው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ።

«ነካሁት እኮ» አለ። «ነጭ ሆኖ ቀረ።»

እኔም ነካሁት፤ ነጭ ሆኖ ቀረ። የገዛው ፓኬጅ የማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ ነው። ከእኔ መልእክት በላይ የአጎቱ ልጅ ከባሕር ዳር የላከው የሠርግ ቪዲዮ አለ። እሱን ስንነካው ጭፈራው ወዲያው ተከፈተ። የእኔ ገጽ በክብደት ከአንድ ፎቶግራፍ ያንሳል። ቀላል እንዲሆን ብዬ እያንዳንዱን ሥዕል በጥቁር መስመር ብቻ ነው የሠራሁት።

ጊዜው መጋቢት ነበር። ሽንኩርት ራስ በሚይዝበት ወቅት በመጋቢት ፀሐይ ሦስት ቀን ውሃ ካጣ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ስንት እንደተረፈ ጠየቅሁት።

«የታችኛው ተርፏል» አለ። ስለላይኛው አልተናገረም። ፓምፑን መልሶ ጠቀለለና ሄደ።

ድረ ገጹን ለምን እንደሠራሁ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት ከአሥረኛ ክፍል ነው። ሞተር ያስተማረኝ መምህር የለም። የተማርኩት ሰዎች ከየአገሩ በነፃ ካስቀመጧቸው መመሪያዎች ነው፤ አንዱን ገጽ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ሳምንት እቆይበት ነበር። እነዚያ ገጾች የማንም ታዋቂ ኩባንያ አልነበሩም። አንዱን ያዘጋጀው ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ ጽሑፉን ከልጅ ልጁ ፎቶ ጋር ነበር ያወጣው። ስከፍተው የሚከፈተው እንደማንኛውም ገጽ ነበር። እኔም ለሰው እንዲሁ ላደርግ አሰብኩና አሥራ ዘጠኝ ሥዕሎች ሠርቼ በአማርኛ ጻፍኩ።

ከዚያ ዳታ በአካባቢያችን ለረጅም ጊዜ ጠፋ። ያኔ ሁሉም ሰው እኩል አጥቶ ነበር፤ ማንም ከማንም አልበለጠም። ሲመለስ ሁሉም ተመልሶ መስሎኝ ነበር። የተመለሰው ግን፣ ርካሹን ለሚገዛ ሰው፣ አንዳንዱ ብቻ ነው። ይህን እስከዚያች ቀን ድረስ አላስተዋልኩም፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ የምገዛው ሁሉን የሚከፍተውን ነው።

ከሱቄ ጎን ስልክ የሚሸጥ ጓደኛዬ ነገሩን ሰምቶ ሳቀብኝ። ሰው ባለበት ቦታ ሥዕሎቹን ጭነህ ተገላገል፣ ቻናል መክፈት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው አለኝ። በዚያው ቀን ከፈትኩና አሥራ ዘጠኙንም ጫንኳቸው። ሽንኩርት የእኔን ክርክር አይጠብቅም። ነገር ግን ስጭናቸው ደስ አላለኝም። ዛሬ የሚከፈተውን የመረጠው ሰው ነገ ሌላ ቢመርጥ፣ እኔ ሥዕሎቼን ተሸክሜ እንደገና ልከተለው ነው።

በዚያው ሰሞን የኢንተርኔት አገልግሎትን የሚመለከት ረቂቅ መመሪያ ለሕዝብ አስተያየት እንደቀረበና ለዞናችን ፍኖተ ሰላም ላይ ውይይት እንደሚደረግ ሰማሁ። ረቂቁን በስልኬ አውርጄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጥራት አንቀጽ አለው፤ ስለ ታሪፍ አለው፤ ስለ ደንበኞች አቤቱታ አለው። አገልግሎት ሰጪው ገጾችን እንዳያበላልጥ የሚል ግን አንድም ቃል የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ልጨምርበት ተነሣሁና ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። በመጨረሻ ይህ ወጣ፦ «አገልግሎት ሰጪው ደንበኛው የሚጠይቀውን ገጽ በይዘቱ ወይም በባለቤቱ ለይቶ ሊከፍት፣ ሊዘጋ፣ ሊያፈጥን ወይም ሊያዘገይ አይችልም፤ የራሱን አገልግሎትም ከሌላው ሊያስቀድም አይችልም።»

ዓረፍተ ነገሩን ወደድኩት። ለሌላ ሰው እንዴት እንደማስረዳው ግን አላወቅሁም። ስለዚህ ወደ ውሃ አባት ሄድኩ።

የውሃ አባት ማለት ከአንድ ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች መርጠው የሚሾሙት፣ ተራ የሚያድል ሰው ነው። እኒህኛው ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ናቸው፤ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሽማግሌ። ቦዩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጤናቸውን፣ የቤተሰቡን፣ የከብቱን ደኅንነት ከጠየቅሁ በኋላ፣ ውሃ ሲያድሉ ሰውየው ምን እንደዘራ ይጠይቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ምን አገባኝ? ተራው ከደረሰ ይወስዳል። ሽንኩርት ይሁን፣ ጌሾ ይሁን፣ ቢሻው ሣር ያጠጣ።»

የእርስዎስ ማሳ የት ነው አልኳቸው። በበትራቸው አሳዩኝ፤ ቦዩ ከወንዙ የሚወጣበት አፍ ላይ ነው፣ አንድ አካፋ አፈር ቢያነሡ ውሃው የሚገባበት ቦታ። አፈሩ ግን ደረቅ ነበር፤ ከታች ያሉት ማሳዎች ሁሉ ርሰዋል።

«የእኔ መጨረሻ ነው የሚጠጣው» አሉ።

«ለምን፣ አባቴ?»

«ውሃው በእጄ ስለሆነ ነዋ።»

ከእሳቸው በፊት የነበረው የውሃ አባት በአንድ ክፉ ዓመት ቀድሞ አጠጥቶ እንደነበር አጫወቱኝ። ማንም አልከሰሰውም፤ ማሳው ርሶ ታየ እንጂ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዛፉ ሥር ተሰብስበው ሻሩት። «ሽረት የሌለው ደንብ ወሬ ነው» አሉኝ። ከዚያ የፍኖተ ሰላሙን ስብሰባ ስነግራቸው አንድ ምክር ብቻ ሰጡኝ፤ ቃለ ጉባኤው ሳይነበብልህ እንዳትፈርም።

ፍኖተ ሰላም አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መድረክ ላይ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊው፣ ከአዲስ አበባ የመጣች የሕግ ባለሙያ እና አንድ የምክር ቤት አባል ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ተሰጠ። ከእኔ በፊት የተናገሩት በሙሉ የጠየቁት ታወር ነው። ከቋሪት የመጡ አንድ ቄስ፣ ምጥ የያዛት እናት ስትኖር አምቡላንስ ለመጥራት አንድ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ኮረብታ እየሮጠ እንደሚወጣ ተናገሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ቀለለብኝ። ምጥ ላይ ላለች ሴት የገጾች እኩልነት ምን ይፈይድላታል? ሆኖም ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። የእሳቸው ጥያቄ እውነት መሆኑ የእኔን ሐሰት አያደርገውም።

ስህተቴ ከውሃ አባት መጀመሬ ነው። ውሃ የሚያድል ሰው የራሱን ማሳ መጨረሻ እንደሚያጠጣ፣ ምን ተዘራ ብሎም እንደማይጠይቅ አስረዳሁ። ወደ ኢንተርኔቱ ልሻገር ስል ከኋላዬ አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው ተነሡ።

«ይበል። የእኛዎቹ ግን ውሃውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ይዘውብናል። የላዮቹ እያጠጡ የታቾቹ እንደርቃለን።»

ማን ነው የያዘባችሁ የሚል ድምፅ ከሌላ ረድፍ መጣ። የድምፁ ባለቤት የላይኛው ቦይ ሰው ኖሯል። እናንተ ለቦይ ጠረጋ ስትጠሩ የት ነበራችሁ አላቸው። እሳቸውም መለሱለት። ሰው መሐል ገባ፣ አንዳንዱ ሳቀ፤ የአንድ ወረዳ ሰዎች ስለ አንድ ግድብ ጣታቸውን እየቀሰሩ መነጋገር ጀመሩ። ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን በእስክሪፕቶ መታ መታ አድርጎ፣ የመስኖ ጉዳይ ለመስኖ ጽሕፈት ቤት በማመልከቻ እንዲቀርብ አሳሰበና ቀጣዩን ተናጋሪ ጠራ። ሦስት ደቂቃዬ አልቋል። ዓረፍተ ነገሩን ሳላነበው ተቀመጥኩ።

በአገራችን ስለ ውሃ ከተነሣ ሌላ ነገር እንደማይሰማ ማወቅ ነበረብኝ። ሌላ የምወቅሰው ሰው ስለሌለ ራሴን ወቀስኩ።

ምሳ ሰዓት እጅ መታጠቢያው ጋ ተሰልፈን ሳለን የሕግ ባለሙያዋ ከኋላዬ ቆመች። መስኖ ያነሣኸው አንተ ነህ አይደል አለችኝ፤ ስለ መስኖ እንዳልነበረም ገምታለች። ስለ ሽንኩርት ገበሬውና ስለ ሠርጉ ቪዲዮ ነግሬ ወረቀቱን ሰጠኋት። እጇን ሳትታጠብ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለች። «በዚህ ዙር አይገባም።»

ለምን እንደማይገባ ተሰልፈን ሳለን ነገረችኝ። ከሁለቱ የቴሌኮም ኩባንያዎች አንዱን የያዘው መንግሥት ራሱ ነው፤ ደንቡን የሚያወጣውና ቦዩን የሚቆጣጠረው በአንድ ገበታ ይቀርባሉ። ሌላው ብዙ ገንዘብ አፍስሶ የመጣ ነው፤ ደንበኛ የምስበው በልዩ ፓኬጅ ነው፣ ይህን ከከለከላችሁኝ በምን ልወዳደር ይላል። ደግሞም፣ አለችኝ፣ ያ ገበሬ ርካሹን የገዛው ወዶ ነው። ዓረፍተ ነገርህ እንዳለ ቢጸድቅ ርካሹ ይጠፋበታል፤ ያኔ ያንተ ገጽ ብቻ ሳይሆን የሠርጉ ቪዲዮም አይከፈትለትም።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ምሳዬን ትቼ አዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ለሽንኩርት ገበሬው የምቆምለት መስሎኝ ያለችውን ልነጥቀው ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል እንዳለ ትቼ፣ ከሥሩ ሌላ ጨመርኩ፦ «የተወሰኑ ገጾችን ብቻ የሚከፍት ቅናሽ ፓኬጅ የሚሸጥ አገልግሎት ሰጪ፣ በዚያው ዋጋ ደንበኛው የመረጠውን ማንኛውንም ገጽ የሚከፍት ፓኬጅም አብሮ ማቅረብ አለበት።» ርካሹ ይቆይ፤ ምርጫው የገዢው ይሁን። ከላዩ ጋር እንዳይጋጭ «ከዚህ በታች ከተመለከተው በቀር» የሚል አስገባሁ። ስታልፍ አሳየኋት። ይህ ይሻላል አለች። ከዚያ ሌላ የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ፤ በቃለ ጉባኤ ተራ ቁጥር ያገኘ ነጥብ ሁሉ በጽሑፍ ምላሽ ይሰጠዋል። የምክር ቤት ሰዎችም የሚያነሡት ከታች የተነሣውን ነው። ከየዞኑ የሚላከው ታወር ብቻ ከሆነ፣ ይህን የሚጠይቅ የለም ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ውይይቱ ሲያልቅ ቃለ ጉባኤው ሳይነበብ የፊርማ ወረቀት መዞር ጀመረ። ሰዉ ቆሞ እየፈረመ ይወጣል። ወረቀቱ እኔ ጋ ሲደርስ እጄን አወጣሁና እንዲነበብ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ሰው መንገድ አለበት፣ ወንድሜ፣ ዋናው ሐሳብ ተይዟል አለኝ። ሁለት ሰዎች አጉረመረሙ፤ የመጨረሻው መኪና ሊሄድ ነው። በብዙ ሰው ፊት መናገር አልወድም። ግን አልተቀመጥኩም።

ከፊት ረድፍ የቋሪቱ ቄስ ዘወር ሳይሉ ተናገሩ። «ይነበብ። እኛም ዘንድ የማኅበር ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ አይፈረምም።»

ጸሐፊው ማንበብ ጀመረ። ታወር፣ ታወር፣ የመብራት መቆራረጥ፣ ታወር። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ «የመስኖ ውሃ ክፍፍል ፍትሐዊ አለመሆኑ» ብሎ አነበበ። ሳቅ ሆነ።

«አሥራ አንደኛው የእኔ ነው» አልኩ። «ስለ ውሃ አይደለም፤ ስለ ኢንተርኔት ነው።»

ከዚያ ስለ ቦይ አንዲት ቃል ሳልናገር ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች በቀስታ አነበብኩ። ከሽንዲ በታች ፓምፕ ተበላሽቶ የጥገናው ገጽ እንዳልተከፈተ፣ በዚያው ስልክ የሠርግ ቪዲዮ እንደተከፈተ ጨመርኩ። ጸሐፊው የቀድሞውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከበላዩ ጻፈ። ቦታ ሲጠበው በኅዳጉ ቀጠለ። ሲጨርስ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት፤ አነበበ። «ወይም በባለቤቱ» የሚለው ቀርቶ ነበር፤ አስገባው። ሥርዝ ድልዝ ስላለበት ሰብሳቢው ከጎኑ ይፈርምበት አልኩ። ሰብሳቢው ለአፍታ አየኝና ፈረመ።

ጋቢ የለበሱት ሰው አሁንም ቆመው ነበር። «እንግዲህ የእኛ ውሃ ተሰረዘ?» አሉ። ሰብሳቢው፣ አባቴ፣ ከመጀመሪያውም እዚህ አልነበረም አላቸው፤ አዳራሹ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ።

በር ላይ ቄሱን አገኘኋቸውና እጅ ነሣሁ። «ያልከው አልገባኝም፣ ልጄ» አሉኝ። «ታወሩ ሲመጣልን ይገባን ይሆናል። ያኔ እንዳናጣህ።»

ምላሹ የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። የየዞኑ ነጥቦች በሠንጠረዥ ተቀምጠዋል፤ በግራ ጥያቄው፣ በቀኝ ምላሹ። ከዞናችን አሥራ አንደኛውን ፈለግኩ። ዓረፍተ ነገሮቼ ቃል ሳይጎድላቸው አሉ፤ «ወይም በባለቤቱ»ም አለ። በቀኝ በኩል፦ «ተቀባይነት አላገኘም። በጉዳዩ ላይ ከደንበኞች የቀረበ አቤቱታ የለም።»

ጓደኛዬ ከትከሻዬ በላይ አንብቦ፣ ይኸው ቁርጥህን አወቅህ አለኝ። እኔ ግን ደግሜ አነበብኩት። ባለቤቱ መንግሥት ነው አላለም፤ ኩባንያው ይሸሻል አላለም። የቀረበ አቤቱታ የለም ነው ያለው። ሌሎቹን ምክንያቶች እኔ ልነካቸው አልችልም። ይህን ግን እችላለሁ። የደንበኞች አቤቱታ አንቀጽ በረቂቁ ውስጥ እንዳለ አስታወስኩ፤ ማንኛውም ደንበኛ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የገዛውን የፓኬጅ ዓይነት ጠቅሶ ማመልከት ይችላል፤ ተቀባዩም የመመዝገብ ግዴታ አለበት።

ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ገዛሁና በማስመሪያ ከፈልኩት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ፓኬጅ፣ ያልተከፈተው ገጽ፣ በዚያው ሰዓት የተከፈተው፣ የደረሰው ጉዳት፣ ፊርማ። ፓምፕ ሊያሠራ የሚመጣውን ሁሉ ልጠይቅ ወሰንኩ። ከሽንዲም ይመጣሉ፣ ከመራዊም ይመጣሉ። ረቂቁ ሲጸድቅ ባይደርስም መመሪያ ይሻሻላል፤ ሲሻሻል ደብተሩ ይቆያቸዋል።

የመጀመሪያው መሆን ያለበት ሰው ግን አንድ ነበር። ስልክ ደወልኩለት፤ በቡሬ ገበያ ቀን መጣ። ለምን እንደጠራሁት ነገርኩት። ደብተሩን አገላብጦ ባዶ መሆኑን አየ።

«ይሄ ሽንኩርቴን ይመልሳል?»

«አይመልስም» አልኩት። ማመልከቻው ተቀባይነት ያገኝ እንደሆነም እንደማላውቅ ነገርኩት።

ደብተሩን መልሶ ከፊቴ ዘረጋው። ከዚያ ጻፈው አለኝ። የማስታውሰውን ሁሉ ሞላሁና አነበብኩለት። የጉዳቱ ዓምድ ላይ ስደርስ አስቆመኝ።

«ሦስት ቀን አልክ። ሦስት ቀን ተኩል ነው። አንተ ጋ የመጣሁበትን ግማሽ ቀን አልቆጠርከውም፤ ያንን ግማሽ ቀንም ፀሐይ ነበር።»

ትክክል ነው። በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከበላዩ «ሦስት ቀን ተኩል» ብዬ ጻፍኩ። እስክሪፕቶውን ስሰጠው ከታች ፈረመ፤ ከዚያ ሳልነግረው፣ ሥርዙ አጠገብም ደግሞ ፈረመ።